«ጸያፍ ዘፈን» እና «ጸያፍ ምላስ» አንድ ናቸው?

ሚሚ፦
ሰላም ቤቶች። ሬዲዮ ላይ ስለ ድሮ የአሜሪካ ባንዶች ሲወራ አንዱ ምን አለ፦ «ሉዊ ሉዊ የሚባለው ዘፈን ጸያፍ ነው ተብሎ ስንት ተባለበት፤ ለካ ጸያፉ የዘፋኙ ምላስ ነው።» ሁለተኛው ጸያፍ ተሳዳቢ ማለት ነው?

ባለጊታር፦
ባንዱ ኪንግስሜን ናቸው፣ የፖርትላንድ ልጆች። እ.ኤ.አ. በ1963 ሲቀዱት ማይኩ ከላይ ተሰቅሎ ነበር። ዘፋኙ ጃክ ኢሊ አንጋጦ ይጮኻል፣ ጥርሱ ላይ ደግሞ የጥርስ ሽቦ አለ፣ ከዛ ቃሉ ሁሉ ተውጦ ቀረ። ግጥሙ የሪቻርድ ቤሪ ነው (ለሰርጉ ብር ቸግሮት መብቱን በ750 ዶላር ሸጦታል፣ አንጀቴን ነው የሚበላኝ)። አንድ መርከበኛ ጃማይካ ያለች ፍቅረኛው ናፍቃው የሚያወራው ነው እንጂ ምንም ነውር የለበትም። ስለማይሰማ ግን ጎረምሳው የየራሱን ብልግና ሞላበት። የኢንዲያና ግዛት ገዢ የሬዲዮ ጣቢያዎች እንዳያጫውቱት ጠየቀ። ኤፍቢአይም ሸክላውን እያፈጠነ እያዘገመ ሰምቶ ሰምቶ «አይገባንም» ብሎ ተወው። እሱ እቴ፣ ቢልቦርድ የዘፈን ሰንጠረዥ ላይ 2ኛ ወጣ!

የቆሎ ተማሪ፦
ሰሙ ሳይሰማ ወርቅ ፍለጋ 😂 ሚሚ፣ ስድብ አይደለም። ዘፀአት 4 ላይ ሙሴ «አፌ ኮልታፋ ምላሴም ጸያፍ» ይላል። ሙሴ ተሳዳቢ ነበር? አንደበቱ አይታዘዝለትም ማለት ነው።

ፊደል ገበታ፦
እኔ እንደሚመስለኝ ጸያፍ ከ«ሰይፍ» የመጣ ነው። ጆሮ ይቆርጣላ።

የቆሎ ተማሪ፦
እንዲህ ከሆነማ ጸሎትም ከሰላጣ ነው።

መሪጌታው፦
ዋሸራ ቅኔ የቆጠረ ሰው እዚህ እያለ ባትፈላሰፉ ጥሩ ነበር። «መጸየፍ» የሚለውን ተመልከቱ። ሰው የሚጸየፈው ነገር ጸያፍ ነው፣ አለቀ። የሙሴው ለብቻው ይታያል። ደግሞ ለኢሊ የሚስማማው ኮልታፋ ነው፣ ሽቦው ነው ያኮላተፈው።

ወለተ፦
የኔታ አይቆጡ። ኮልታፋ እኮ «ራ»ን «ላ» የሚል ሕፃን ነው። ኢሊ ቃሉን ነው የዋጠው። «አልጎመጎመ» ይሻላል።

ባለጊታር፦
እየጮኸ ማልጎምጎም አለ እንዴ?

ፊደል ገበታ፦
በጸሎቱ ጸ ነው በፀሐዩ ፀ?

የቆሎ ተማሪ፦
ዝም በል አንተ።

ባለጊታር፦
ዋናውን ጉድ አልነገርኳችሁም። 54ኛው ሰከንድ አካባቢ ከኋላ የሚጮህ አለ፣ በደንብ ስሙት። ከበሮ መቺው ሊን ኢስተን ዱላው ሲያመልጠው የለቀቃት ስድብ ናት ይባላል። ያን ሁሉ ጊዜ የኢሊን ግጥም ሲበረብሩ እሷን አላዩዋትም።

ወለተ፦
እንግዲያው ዘፋኙ በሙሴው ጸያፍ፣ ከበሮ መቺው በዘንድሮው ጸያፍ። ሁለቱም ትርጉም አንድ ሸክላ ላይ!

መሪጌታው፦
ቀልድ ነው ይሄ። ኮልታፋ ነው።

የቆሎ ተማሪ፦
ኢሊ ከጊታሩ ሶሎ በኋላ ቀድሞ ገብቶ፣ ቆም ብሎ፣ እንደገና የጀመረውስ? ተብታባ አይባልም?

ባለጊታር፦
እሷ ላይማ ኢስተን በከበሮ ሸፈነለት። ብዙ ባንዶች ዘፈኑን ሲጫወቱ ያችን ስህተት ራሱ እንዳለች ይደግሟታል።

መሪጌታው፦
ያ መቸኮል ነው። ተብታባ አይባልም። አይባልም አልኩ።