ያገለገለ ላይትሩም 6 ገዝቼ «ስም ማዞር» ይቻላል?

ብርሃን_ፍራንክፈርት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ቅዳሜና እሁድ የሐበሻ ሰርግና ክርስትና አነሳለሁ፣ በአዘቦቱ ሌላ ሥራ አለኝ። አልፎ አልፎ የማግዛቸው አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ ፎቶ ቤታቸውን ሊዘጉ ነው። ስታንዱን፣ ፍላሹን፣ የጀርባ መጋረጃውን በርካሽ ሰጥተውኛል። አሁን ደግሞ «ሶፍትዌሩንም ውሰጂው» እያሉኝ ነው። ሁለት ካርቶን አላቸው፤ አንዱ ላይትሩም 6፣ ሌላው ፎቶሾፕ ሲኤስ6፤ ሁለቱም አንዴ ተከፍሎባቸው የተገዙ የአዶቢ ኩባንያ የድሮ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞች ናቸው። ዲስኩ ከነሲሪያል ቁጥሩ (ፕሮግራሙን የሚከፍተው መለያ ቁጥር) ውስጡ አለ። ለሁለቱ 90 ዩሮ ብለውኛል።

አሁን የምከፍለው የሶፍትዌር ወርሃዊ ክፍያ መሮኛል። ብርዱ ሲመጣ ሰርግ የለም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርግ የለም። ክፍያው ግን ጾም አያውቅም፣ በየወሩ ቁርጥ አድርጎ ይወስዳል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። መኪና ሲሸጥ ስም እንደሚዞረው፣ ለሶፍትዌርም ስም ማዞር የሚባል ነገር አለ? ወይስ ሲሪያሉን ስለያዝኩ ብቻ የኔ ሆነ ማለት ነው? አንድ ቀን «ይሄ የሌላ ሰው ነው» ብሎ ቢዘጋብኝስ? የሚያሳስበኝ ገንዘቡ አይደለም፣ የሰው ሰርግ ይዤ መሃል ላይ መቅረቱ ነው።

ሐዋሳ ደግሞ ፎቶ የሚያነሳ ታናሽ ወንድም አለኝ። የያዘው ካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ 3 ነው፣ ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10። በብር ካርዱ ውጭ አገር መክፈል ስላልቻለ በክራክ (ቁልፉ ተሰብሮ በሕገወጥ መንገድ በሚሰራጭ ቅጂ) ነው የሚሠራው። ባለፈው ከክራኩ ጋር ቫይረስ ገብቶ የደንበኛ ፎቶ ሁሉ ተቆልፎበት ነበር። አንዱን ለሱ ልስጠው ብዬም አስቤያለሁ። እኔ ያለኝ ኤም1 ማክቡክና ሶኒ ኤ7 3 ነው።

ሸተር21፦

90 ዩሮ ለምኑ? አፊኒቲ የሚባለውን የፎቶ ፕሮግራም ካንቫ የተባለው ኩባንያ ከገዛው በኋላ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ በነጻ ነው የሚሰጠው። ዳርክቴብል የሚባለው የፎቶ ማስተካከያም ነጻ ነው። ካርቶኑን ሙዚየም ያስገቡት።

ጨለማ_ክፍል፦

ሸተር፣ ልጅቷ የጠየቀችው ሌላ ነው። ነጻ ነገር እንዳለማ ታውቃለች።

ብርሃን፣ ይቻላል፣ ግን ጣጣ አለው። ከሕጉ ልጀምር፤ አንቺ ጀርመን ስላለሽ ዕድለኛ ነሽ። ዩዝድሶፍት የሚባል የጀርመን ኩባንያ ያገለገለ ላይሰንስ (የሶፍትዌር መጠቀሚያ ፈቃድ) ይሸጥ ነበር። የሶፍትዌር አምራቹ ኦራክል ከሰሰው። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደርሶ በጁላይ 2012 ተፈረደ። ፍርዱ ባጭሩ፦ ገንዘብ ተከፍሎበት ያለ ጊዜ ገደብ የተሰጠ ላይሰንስ እንደ ሽያጭ ይቆጠራል። ስለዚህ የገዛው ሰው ለሌላ ሲሸጠው አምራቹ ሊከለክለው አይችልም። ሻጩ ግን የራሱን ቅጂ ማጥፋት አለበት። ሸጦልሽ እሱም እየተጠቀመ መቀጠል የለም። በ2016 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት ኦሪጅናሉ ዲስክ ቢበላሽም መጠባበቂያ ተብሎ የተቀዳውን ያለ አምራቹ ፈቃድ መሸጥ አይቻልም ብሏል። ስለዚህ ሽማግሌው በእጅ የተጻፈበት ባዶ ዲስክ ቢያወጡልሽ አትቀበዪ።

ፍርድ ቤት «መሸጥ ይቻላል» አለ ማለት ግን ሶፍትዌሩ ይከፈትልሻል ማለት አይደለም። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የጀርመን ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2010 ሃፍ ላይፍ 2 የተባለውን ጌም በተመለከተ፣ ጌሙ ለሌላ ሰው ከማይተላለፍ አካውንት ጋር መታሰሩን ፈቅዷል። ዲስኩን ትሸጪያለሽ፣ አካውንቱን ግን አትሸጪም። ላይትሩም 6ም ሲከፈት በአዶቢ አካውንት ግቢ ይላል። ያንቺ ስም ማዞር እንግዲህ እዚህ ጋ ነው ያለው። ሽማግሌው ከራሳቸው ኮምፒውተር «ሄልፕ» ውስጥ ገብተው «ሳይን አውት» ማለት አለባቸው። ለሲኤስ6 ደግሞ እዚያው ቦታ «ዲአክቲቬት» የሚል አለ፣ ፈቃዱን ከኮምፒውተሩ ይፈታዋል። ሲሪያሉ በስማቸው ከተመዘገበ የአዶቢን ድጋፍ ክፍል ራሳቸው ያናግሩ። አንቺ ብትደውዪ ማነሽ ይሉሻል።

አሁን ወደ ካርቶኑ። የአዶቢ የድሮው ውል ራሱ ማስተላለፍን ይፈቅዳል። ሁሉንም አንድ ላይ አስተላልፉ ነው የሚለው፤ ዲስኩን፣ ሲሪያሉን፣ ውሉን፣ ከሱ በፊት የነበሩትን ቨርዥኖች ጭምር። የትምህርት ቅጂና ለሽያጭ ያልታሰበ ቅጂ ግን አይተላለፍም ይላል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ «አፕግሬድ» (የቀድሞው ቨርዥን ላለው ሰው የሚሸጥ ማሻሻያ) የሚል ካለ አደራ! አፕግሬድ ብቻውን ምንም አይደለም፣ ሲጫን የቀድሞውን ሲሪያል ይጠይቅሻል። የላይትሩም 6 አፕግሬድ በጊዜው 79 ዶላር፣ ሙሉው 149 ዶላር ነበር፤ ብዙ ሰው የያዘው አፕግሬዱን ነው። «ስቱደንት» የሚል ካየሽ ደግሞ መልሺላቸው።

አንድ ሌላ ነገር። ውሉ ሁለት ኮምፒውተር ላይ መጫን ይፈቅዳል፤ ሁለቱም ግን ያው ያንድ ሰው ናቸው። አንዱን ላንቺ፣ አንዱን ለወንድምሽ ማለት አይሆንም።

ሲኤስ6ን እኔ ብሆን አልነካውም። አክቲቬሽኑ (ፕሮግራሙ በኢንተርኔት ተረጋግጦ መከፈቱ) የሚሠራው የአዶቢ ሰርቨር እስካለ ድረስ ነው። ከሱ በፊት የነበረው የሲኤስ2 ሰርቨር ሲዘጋ፣ ለገዙ ሰዎች ተብሎ የተለጠፈውን ሲሪያል ሁሉም ሰው በነጻ የተሰጠ መስሎት ሲቀዳው ከርሟል።

ዲሲ_ሌንስ፦

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ጨለማ ክፍል ያሉት ለአውሮፓ ልክ ነው። እዚህ አሜሪካ ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቨርነር የሚባል ሰውዬ ያገለገለ አውቶካድ (የንድፍ ፕሮግራም) በኢቤይ ሲሸጥ ከአምራቹ ከአውቶዴስክ ጋር ተካሶ፣ በ2010 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለአውቶዴስክ ፈረደ። ምክንያቱ ዲስኩን መጀመሪያ የወሰደው ድርጅት የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አልነበረውም፣ ባለቤት ያልሆነ ደግሞ መሸጥ አይችልም ነው። ስለዚህ እዚህ ላላችሁ፦ የፍራንክፈርቱን ምክር ይዛችሁ ክሬግስሊስት የሚባለው የሽያጭ ድረ ገጽ ላይ አትሩጡ።

ብርሃን፣ እኔን ከሕጉ በላይ ያስገረመኝ የዕቃሽ ነገር ነው። ኤም1 ማክ ላይ ላይትሩም 6 ልትጭኚ? ፕሮግራሙ 64 ቢት ቢሆንም የሚጭነውና አክቲቬት የሚያደርገው ክፍል 32 ቢት (የድሮው አሠራር) ነው። አፕል ደግሞ ካታሊና ከተባለው የ2019ኙ የማክ ሲስተም ጀምሮ 32 ቢትን ጨርሶ አስወጥቶታል። ያንቺ ማክ ከዚያ በኋላ የወጣ ነው፣ ወደ ኋላም አይመለስም። ካሜራሽም ያው ነው። የላይትሩም 6 የመጨረሻ አፕዴት 6.14 በ2017 መጨረሻ ላይ ወጣ፣ ኤ7 3 የመጣው በ2018 ነው። ካሜራው የሚያወጣውን ጥሬ ፋይል ላይትሩም 6 አያውቀውም። በነጻው የአዶቢ ፋይል መቀየሪያ፣ በዲኤንጂ ኮንቨርተር፣ ቀይረሽ ማስገባት ይቻላል፤ የሐበሻ ሰርግ ጠዋት ከሙሽሪት ቤት እስከ ማታ ጭፈራ ስንት ሺህ ፎቶ እንደሆነ ግን አንቺ ታውቂያለሽ።

የወንድምሽ ዕቃ ግን ልክክ ይላል። ፋይቭ ዲ ማርክ 3 የ2012 ካሜራ ነው፣ ላይትሩም 6 አብጠርጥሮ ያውቀዋል። ዊንዶውስ 10 ላይም ይሠራል። የሚቀርበት ዲሄዝ የምትለዋ ጭጋግ ቀናሽ ስላይደር ናት፣ እሷን ለወርሃዊ ከፋዮች ብቻ ነው የሰጡት። ፎቶው የት እንደተነሳ የሚያሳየው ካርታውም ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ አይሠራም። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለሚያነሳ ሰው ካርታ ምን ያደርግለታል?

ጨለማ_ክፍል፦

ዲሲ ሌንስ ስለ ዕቃው ያለው ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፣ እኔ ካርቶኑን ብቻ ሳይ ማኩን አላስተዋልኩም።

ስለ ወንድምሽ አንድ ነገር ልጨምር። የአውሮፓው ፍርድ የሚሠራው በኅብረቱ ውስጥ ነው፣ ኢትዮጵያ ድረስ አይከተልሽም። እዚያ የምትደገፊው በውሉ የማስተላለፊያ አንቀጽ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አውጥተሽ አገርና አካባቢ የሚገድብ ነገር እንዳለው አንብቢ። አሰልቺ ነው፣ ግን አንብቢው።

ብርሃን_ፍራንክፈርት፦

ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ዛሬ ሄጄ ካርቶኖቹን አገላብጬ አየሁ። ሲኤስ6ቱ ልጃቸው ተማሪ ሳለች የተገዛ ነው፣ «ስቱደንት ኤንድ ቲቸር» ይላል። ወጣ። ላይትሩሙ እንደፈራችሁት አፕግሬድ ነው። ሽማግሌው ግን ጀርመን አይደሉ፣ ምድር ቤት ወርደው የላይትሩም 4ን ካርቶን ከነደረሰኙ ይዘው መጡ! ሁለቱን ባንድ ላይ 40 ዩሮ ብለውኛል። እኔ ከወርሃዊው ጋር እቀጥላለሁ፣ ይሄኛው ለወንድሜ ነው። ውሉን ዛሬ ማታ አነባለሁ። ሌላ የረሳሁት አለ?

ጨለማ_ክፍል፦

ውሉ ካላስቸገረሽ፣ ገንዘቡን ሳትሰጪ በፊት በወንድምሽ አካውንት ባንድ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ጫኚውና ይከፈት እንደሆነ እዪ። ከከፈተ በኋላ ሳይን አውት በይ። 6.14 አፕዴቱንም አብረሽ በፍላሽ ላኪለት፣ ዲስኩ ላይ ያለው የ2015ቱ ነው። ሽማግሌው ሸጥኩላት ብለው ሁለቱንም ሲሪያል ጠቅሰው፣ ቅጂ እንዳላስቀሩ ጨምረው፣ ፈርመው አንድ ወረቀት ይስጡሽ። አንቺም ለወንድምሽ ያንኑ ጻፊለት።

ዲሲ_ሌንስ፦

ካታሎጋቸውን (ላይትሩም የደንበኞቻቸውን ፎቶ የመዘገበበትን ፋይል) እንዳይሰጡሽ ብቻ። «ፕሪሴቶቼ፣ ያዘጋጀኋቸው የማስተካከያ ቅንብሮች፣ ውስጡ አሉ» ብለው ሊሰጡሽ ይችላሉ። የዚያ ሁሉ ደንበኛ ስምና ፎቶ ሐዋሳ ምን ይሠራል? ፕሪሴቶቹን ለብቻ ያውጡልሽ።