ካምሻፍት ሴንሰሩ በአዲስ ተቀይሮም ፒ0340 ተመልሶ መጣ፤ ምን ልፈትሽ?

ባለመኪናው፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ወዲያው ትነሳለች። ከሞቀች በኋላ ካጠፋኋት ግን ሞተሪኖው (ማስነሻው) ብዙ ይዞራል እንጂ ቶሎ አትነሳም። አንዳንዴ እየነዳኋትም ጉልበት ታጣለች። የቼክ ኢንጂን መብራት በርቷል፣ ኮዱ ፒ0340 ነው። ካምሻፍት ሴንሰሩ (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ አዟዟር ለኮምፒውተሩ የሚናገረው) በአዲስ ተቀየረ፣ ኮዱ ተሰረዘ፣ ግን ተመልሶ መጣ። ሌላ ሴንሰር ልግዛ?

ኤሌክትሪሽያኑ፦
ኧረ ቆይ፣ አትግዛ። ፒ0340 ማለት ሴንሰሩ ሞቷል ማለት አይደለም። የመኪናው ኮምፒውተር ከዚያ መስመር የሚጠብቀው ምልክት በትክክል አልደረሰውም ማለት ነው። ሶኬቱም ሽቦውም የመስመሩ አካል ናቸው።

ሶኬቱን ንቀልና ሽቦዎቹን ቁጠር። 3 ከሆኑ ኃይል፣ ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው) እና ሲግናል (ምልክቱን የሚያደርሰው) ናቸው። ቁልፉን አብራ፣ ሞተሩን ግን አታስነሳ። በቴስተር (በቮልት መለኪያው) ስትለካ የኃይሉ ሽቦ እንደ መኪናው 5 ወይም 12 ቮልት መስጠት አለበት። ማሳውን ለማየት የቴስተሩን ቀይ ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን የሶኬቱ ማሳ ላይ አድርግ። የባትሪውን ቮልት ያህል ካላነበበ ማሳው ደካማ ነው። የሲግናሉ ሽቦ ሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ በብዙ መኪኖች ላይ 5 ቮልት አካባቢ ያሳያል።

ከዚያ ሶኬቱን መልሰህ ሲግናሉን ከኋላ በኩል በቀጭን መርፌ ንካ፣ ሌላ ሰው ሞተሪኖውን ያዙርልህ። ንባቡ ከፍ ዝቅ ካላለ ምልክት የለም ማለት ነው። ባለ 3 ሽቦውን ሴንሰር በኦም (በሬዚስታንስ) አትለካው፣ ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ስላለ ምንም አይነግርህም። ኦም የሚጠቅመው ባለ 2 ሽቦው ላይ ነው፤ እሱንም ሲቀዘቅዝና ሲሞቅ ለክተህ ከመኪናው ማንዋል ጋር አስተያየው።

አንድ አባል፦
ሶኬቱ ውስጥ ዘይት ገብቶ እንደሆነም እይ። ኦሪንጉ (ክብ የጎማ ማሸጊያው) ካረጀ ዘይት በሴንሰሩ በኩል ይወጣል።

መካኒኩ፦
ፒ0016 (የካምሻፍትና የክራንክሻፍት አለመናበብ ኮድ) አብሮ ከመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ካምሻፍት፣ ክራንክሻፍት (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) 2 ጊዜ ሲዞር 1 ጊዜ ነው የሚዞረው፤ ኮምፒውተሩ ሁለቱን እያስተያየ ነው የሚሠራው። ሁለቱን የሚያገናኘው የታይሚንግ ቼን ከተለጠጠ ወይም ቤልቱ ጥርስ ከዘለለ መናበቡ ይጠፋል። ድንገት ሞተሩ ድምፁን ቀይሮ እምቢ ካለህ ደጋግመህ አታስነሳ። በአንዳንድ ሞተሮች ቫልቩ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫል፣ ኪሳራው ከባድ ነው።

ባለመኪናው፦
ፒ0016 የለም። ሶኬቱ ደረቅ ነው። ኃይሉም ማሳውም ደህና ናቸው። ሲግናሉ ላይ 5 ቮልት አለ፤ ግን ሞተሩ እንደሞቀ ገመዱን ጎበጥ ሳደርገው 0 ይሆናል፣ ስለቀው ይመለሳል። ሞተሩን ተደግፎ በሚያልፍበት ቦታ የሽቦው ልባስ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ኤሌክትሪሽያኑ፦
ያዝከው! ሽቦው ውስጡ ተበጥሷል፣ ሲቀዘቅዝ ይነካካል፣ ሲሞቅ ይለያያል። ባትሪውን ፈትተህ የተበላሸውን ቁራጭ አውጣ፣ በተመሳሳይ ውፍረት ባለው ሽቦ ተካው። በብየዳ አያይዘው፣ በሙቀት የሚኮማተር ሽፋን አልብሰው። ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል በሞተር ንዝረትና ሙቀት አይቆይም። ገመዱን ከሞተሩ አርቀህ እሰረው። ኮዱን ሰርዝና እስኪሞቅ ንዳት፣ አጥፍተህ አስነሳት። ኮዱ እንደገና ከመጣ መስመሩን እስከ ኮምፒውተሩ ሶኬት ድረስ መከተል ነው።