የአስትሮዶም ዕዳ በማን ጫንቃ ላይ ወደቀ?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ የቀድሞው የሂውስተን ከንቲባ ሮይ ሆፍሃይንዝ የቤዝቦል ቡድን ባለድርሻ ከሆኑ በኋላ ቡድኑ የሚጫወትበት አስትሮዶም የተባለው ስታዲየም በሕዝብ ብድር መሠራቱ ተገቢ ነበርን?

ደጋፊ፦ ተገቢ ነበር። ቡድኑ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ሦስት የውድድር ዘመን የተጫወተው ሙቀትና ትንኝ ተመልካቹን በሚያሰቃዩበት ጊዜያዊ ሜዳ ነበር። ሆፍሃይንዝ ጣሪያና አየር ማቀዝቀዣ ያለው ስታዲየም ይሠራ ሲሉ ብዙዎች እንደ ቅዠት ቢቆጥሩትም፣ ሕዝቡ በድምፁ ቦንዱን፣ ማለትም የሕዝብ ብድሩን፣ አጽድቆ በ1965 በሩ ተከፈተ። የጥቁሮች ማኅበረሰብ መሪዎች ቦንዱን የደገፉት ስታዲየሙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለ ዘር ልዩነት ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ጠይቀው ስለተፈቀደላቸው ነው፤ በዚያ ዘመን በቴክሳስ ይህ ቀላል ድል አልነበረም።

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ ያነሡትን ድል እኔም አከብራለሁ። ሆኖም ሕዝቡ ድምፅ የሰጠው ስለ ብድሩ እንጂ ስለ ኪራዩ አልነበረም። የሆፍሃይንዝ ኩባንያ ስታዲየሙን ለ40 ዓመት በዓመት 750,000 ዶላር ሲከራይ፣ የዋጋ ንረት ያንን ገንዘብ ከዓመት ዓመት እንደሚያሳንሰው ግልጽ ነበር። ከስታዲየሙ አጠገብ ሆቴሎችንና በ1968 የተከፈተውን የአስትሮዎርልድ መዝናኛ የሠሩትም እኚሁ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ በሕዝብ ገንዘብ የደመቀው አካባቢ ትርፉን በአብዛኛው ያስገባው ወደ እርሳቸው ኪስ ነው።

ደጋፊ፦ የኪራይ ውሉን የፈረመው ሃሪስ ካውንቲ፣ ማለትም ሂውስተን የምትገኝበት የአካባቢ አስተዳደር፣ ነው፤ ነጋዴ የሚጠቅመውን መጠየቁ ነውር አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኦይለርስ የተባለው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን እለቃለሁ ብሎ ሲያስፈራራ ካውንቲው መቀመጫ ለመጨመር እንደገና ተበድሯል፤ ቡድኑም ከ1996 የውድድር ዘመን በኋላ ወደ ቴነሲ ሄደ። ያን ጊዜ ሆፍሃይንዝ በሕይወት አልነበሩም።

ተቃዋሚ፦ ለኦይለርሱ ብድር እርሳቸውን አልከስም። ለመጀመሪያው ውል ግን «ነጋዴ ናቸው» የሚለው መልስ አይበቃኝም፤ ምክንያቱም ሆፍሃይንዝ ከንቲባ ከመሆናቸው አስቀድሞ፣ ከ1937 እስከ 1944፣ የሃሪስ ካውንቲ ዳኛ ነበሩ። በቴክሳስ ይህ ሹመት በዋናነት የካውንቲውን በጀትና ውል የሚያጸድቀውን ጉባኤ መምራት ማለት ነው። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጡት ሹማምንት ምን እንደሚፈሩና በምን እንደሚግባቡ ከማንም ነጋዴ ይልቅ ያውቁ ነበር፤ ይህንን እውቀት ያገኙት ደግሞ የሕዝብ አደራ ተቀብለው ባገለገሉበት ወንበር ላይ ነው። ስለዚህ የኪራዩ ውል ከቦንዱ ጋር ለሕዝብ ድምፅ መቅረብ ነበረበት እላለሁ።