መቅመቆ ነው ወይስ ቱልት? ለቅቤ የሚሆነውን እንዴት ልለይ?

የጫጫዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን የተከራየሁት ቤት ጓሮ አለው። አጥሩ ሥር ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ፣ ጫፉ ላይ ቀላ ያለ አበባ የተንዠረገገበት ተክል በቅሏል። አከራዬ «መቅመቆ ነው፣ ሥሩን ለቅቤ አድርጊው» አሉኝ። ጎረቤቴ ደግሞ «ቱልት ነው፣ ሆድሽን ነው የሚያጥበው» ትላለች። ሸኖ ያለችው አክስቴ እርድ ገዝታ አታውቅም፤ የምታነጥረው ቅቤ ግን ቢጫነቱ ልዩ ነው። መቅመቆ ታደርግበታለች አሉ። እንዴት ልለየው? ስንት ይደረጋል? እናቴ ደም ግፊት አለባት፤ አፍልታ ብትጠጣውስ?

የመንዙ ልጅ፦
ከሰው ቁመት ከበለጠ መቅመቆ ነው። ቱልት ያን ያህል አይረዝምም። ከብት ስንጠብቅ የመቅመቆን ለጋ ግንድ ልጠን እንበላ ነበር፤ ኮምጣጣ ነው፣ ጥርስ ያጠርሳል። ሳማ ሲለበልበን ግን የምንሮጠው ወደ ቱልት ነበር። ቅጠሉን አሽተን እናሽበታለን።

የአንኮበሯ፦
እህቴ፣ በቁመት ብቻ አትወስኚ። መሬቱ ከደኸየ መቅመቆም አጭር ሆኖ ይቀራል። ፍሬውን እዪ። የቱልት ፍሬ ዳር ዳሩን እንደ መንጠቆ የቆለመመ ጥርስ አለው፤ ነጠላሽ ላይ ተለጥፎ አብሮሽ ቤት ይገባል። የመቅመቆ ፍሬ ልሙጥ ነው፣ ስስ ክንፍ አለው። ቅጠሉም ይለያል፦ የመቅመቆ ጦር መሰል ሆኖ ግርጌው ላይ ግራና ቀኝ ጆሮ ያወጣል፤ የቱልት ሞላላ ነው። ሥሩን ቆርጠሽ «ቢጫ ነው፣ በቃ መቅመቆ ነው» እንዳትዪ። የቱልትም ቢጫ ነው።

መቅመቆ ከሆነ አሁን አትንቀዪው። ዘሩ ይርገፍ። ጥቅምት ኅዳር ላይ፣ መሬቱ ሳይጠጥር፣ ከጎን ቆፍረሽ የተወሰነ ሥር ብቻ ውሰጂ። አናቱን ከተውሽው ክረምት ላይ እንደገና ያቆጠቁጣል። ሥሩን አጥበሽ፣ በስሱ ከትፈሽ፣ አድርቀሽ ውቀጪው። ጣትሽ ቢጫ ይሆናል፤ አይግረምሽ።

እኔ ሳነጥር ኮረሪማና በሶብላውን እንደማንም ነው የምጨምረው። መቅመቆውን ግን በንጹሕ ሻሽ ቋጥሬ ነው የማስገባው፤ ቀለሙ ደስ ሲለኝ አወጣዋለሁ። ለአንድ ኪሎ ቅቤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አልሞላም። ጣዕም አትጠብቂበት፣ ጣዕሙ የኮረሪማው ነው። እግረ መንገዴን ልንገርሽ፦ ገበያ ላይ ቅቤ ቢጫ ስለሆነ ብቻ አትግዢ። ቀለም የቆየን ቅቤ ለጋ አያደርገውም፤ አሽትተሽ ግዢ።

የእናትሽ ነገር ግን ሌላ ነው። መቅመቆ አፍልቶ ለግፊት መጠጣት የቆየ ልማድ ነው፤ አዲስ አበባም ዱቄቱ ይሸጣል። ሽንት እንደሚያበዛም በአይጥ ላይ ተሞክሮ ታይቷል። ችግሩ ከግፊት ኪኒኖቹም ሽንት የሚያበዙ አሉ። ሁለቱ ሲደራረቡ ሰውነቷ ውኃ ያጥረዋል፣ ግፊቷም ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል። ሥሩ ውስጥ ሆድ የሚያላላ ኢሞዲን የሚባል ነገርም አለ። ስለዚህ ጎረቤትሽ ያለችው ለመቅመቆም ይሠራል። ጠጠር የሚያመጣ ኦክሳሌት የሚባል ነገር ስላለበት ደግሞ የኩላሊት ጠጠር አሟት የሚያውቅ ከሆነ ጭራሽ ይቅርባት። ሐኪሟን ሳትጠይቅ እንዳትጀምር፤ ኪኒኑንማ ትታ በእሱ መተካት የማይታሰብ ነው። ቅቤ ውስጥ የሚገባው ትንሽ ስለሆነ እሱን አልፈራውም።

ሳሮን፦
እናቶቻችን እግራቸውን የሚሞቁትስ በዚሁ ሥር ነው እንዴ?

የአንኮበሯ፦
አይ፣ እሱ እንሶስላ ነው። አበባው ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ወይን ጠጅ ነው፤ ጥላና ጅረት ዳር ይወዳል። ሥሩ ተወቅጦ እጅና እግር ላይ ይታሰራል እንጂ ወጥ ቤት አይገባም።

የጫጫዋ፦
እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ወጥቼ አየሁት። አጥሩ ሥር ያለው ረጅሙ ፍሬው ልሙጥ ነው። በር አጠገብ ያለው አጭሩ ግን ቀሚሴ ላይ ተለጥፎ ገባ። ለካ ሁለቱም አሉኝ፤ አከራዬና ጎረቤቴ የሚከራከሩት በተለያየ ተክል ነው! ለእናቴ ነገ እደውልላታለሁ። ሻሹ ግን ስስ ነው ወፍራም የሚሻለው?

የአንኮበሯ፦
ስስ። ወፍራሙ ቅቤሽን ይጠጣብሻል።