የቻይና ፖርሴሊን ሥዕል ዘመኑ በምን ይታወቃል? እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። የቻይና ሸክላ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። አክስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጓንዡ እየተመላለሰች ስትነግድ የገዛቻቸው አራት የፖርሴሊን ሰሌዳዎች እጄ ገብተዋል። በእያንዳንዱ ላይ አንዲት የተዋበች ወይዘሮ ተሥላለች። አንዷ ባለ ሰባት አውታሩን ቺን ትደረድራለች፣ ሌላዋ መጽሐፍ ይዛለች። የጣቶቻቸው አሣሣል ብቻ ያፈዛል!

ሰሌዳዎቹ ላይ ያለውን የቻይንኛ ጽሑፍ ያነበበልኝ ሰው በጂንግደዠን ከተማ የተሠራ ነው፣ ዓመቱም «ዉቸን» ይላል አለኝ። የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። የቻይናውያን የድሮ አቆጣጠር በየ60 ዓመቱ ስለሚዞር፣ ዉቸን በፈረንጆቹ 1928ም 1988ም ነው። 1928 ከሆነ እነ ዋንግ ቺ፣ «የጁሻን ስምንቱ ወዳጆች» የሚባሉት ሠዓሊዎች፣ በዚያችው ከተማ ሰሌዳ ላይ የሚሥሉበት ዘመን ነው። የእነሱን አሣሣል ግን በኋላም ብዙዎች ቀድተውታል።

በማጉያ መነጽር ሳየው ፀጉራቸው ላይ የብሩሽ ጭረት አለ። እንደ ኅትመት የተደረደሩ ነጥቦች የሉም። ቀለሙም በጣት ሲዳሰስ ከፍ ይላል። የእጅ ሥራ ለመሆኑ እርግጠኛ ነኝ፤ ዘመኑን ግን ይህ አይነግረኝም።

ጀርባውን ለማየት ከእንጨት ፍሬሙ ላውጣው ወይስ ይሰነጠቃል? ጀርባው ላይስ ምን ልፈልግ? አቧራውንስ በምን ላጽዳው? ቀለሙ ከልባሱ (ሸክላውን ከሚሸፍነው መስታወት መሰል ሽፋን) በላይ ተቀብቶ በዝቅተኛ ሙቀት የተተኮሰ ስለሆነ መፈግፈጉን ፈርቻለሁ። ቤተሰቡ ቶሎ እንሽጠው እያለ ነው፤ እኔ ደግሞ ምንነቱን ሳላውቅ ከእጄ እንዲወጣ አልፈልግም። ፎቶ ለሚጠይቀኝ ወዲያው እልካለሁ።