የሊያቬላ ዐውደ ርዕይ፦ ሦስተኛ ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ አሥር የዋንዛ ሳንቃ፣ በአሥሩም ላይ ሊያቬላ የሚባለው የስሪ ላንካ ሲንሃሎች ጌጥ። የመጀመሪያው ከጥንታዊ መዲናቸው ከአኑራዳፑራ ግማሽ ክብ የደረጃ ድንጋይ ይቀዳል። ዝሆን፣ አንበሳ፣ ፈረስና በሬ ከተደረደሩበት ቀለበት ወደ ውስጥ ያለው ጥምዝምዙ ነው። ዓላማው እጃችንን ማፍታታት ነው፤ ሽያጭ አይደለም።

ገንዘብ ያዥ፦ የዋንዛን ዋጋ የጠየቀ አለ? የአምናው አዳራሽ ኪራይ እንኳ ገና አልተከፈለም።

ባለመሮው፦ "ሊያቬላ" ብላችሁ ማን ይመጣል? ቃሉ ተሳቢ ተክል ማለት ነው። በእኛ ሐረግ ነው። ሐረግ በሉትና እንገላገል።

ቁም ጸሐፊው፦ በፍጹም! ሐረግ የብራና ምዕራፍ አናት ላይ የሚሳል ነው። መስመሩ ይጠላለፋል፣ ይቋጠራል። ሊያቬላው አንድ ግንድ ነው፤ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ እያለ ይሄዳል፣ እጥፋቱን ቅጠልና አበባ ይሞላዋል። ምኑ ነው የሚገናኘው?

ባለመሮው፦ ሐረግን ርስትህ አደረግከው እኮ።

ቁም ጸሐፊው፦ የት ነው ርስቴ ያልኩት? አሳየኝ።

ሰብሳቢ፦ "የሲንሃላ ሐረግ" ብንለውስ?

ቁም ጸሐፊው፦ ብራና ላይ የጻፉ ያስመስላቸዋል። እነሱ የጻፉት በዘንባባ ቅጠል ነው።

ባለመሮው፦ እሺ "የዘንባባ ሐረግ" በለው! መቼም ዕውቀት ያንተ ብቻ ነው።

እትዬ፦ ልጆች፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል ላይ! የስሪ ላንካውን የኤምቤኬ መቅደስ የእንጨት ምሰሶዎች ፎቶ አመጣለሁ ያለው የት ገባ? ያለ እሱ ምን ልትቀርጹ ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ ከግሩፑ ወጥቷል።

ባለመሮው፦ እንደ ፖሎናሩዋው በሬ ከቀለበቱ ወጣ በሉኛ። መዲናቸው ከአኑራዳፑራ ወደ ፖሎናሩዋ ሲዞር፣ ከደረጃ ድንጋዩ ላይ በሬውን አስቀርተውታል።

ቁም ጸሐፊው፦ ይህቺስ አሳቀችኝ። ወንድሜ፣ ቅድም ግዬ ነበር፣ ይቅር በለኝ።

ባለመሮው፦ እኔም አበዛሁት። ስሙን እንደፈለግክ።

ገንዘብ ያዥ፦ ስሙ ይቆይ። አሥር ሳንቃ አንችልም። ጌጡን ሲኒ ላይ ብናሳትመው ለገና ይሸጣል።

ሰብሳቢ፦ ሽያጭ አይደለም ብዬ ነበር።

እትዬ፦ ዝይዎቹም ይግቡ፤ እዚያው ድንጋይ ላይ አበባ በአፋቸው ይዘው የሚሄዱት። ያምራሉ።

ቁም ጸሐፊው፦ ደረጃ ሥር የሚረገጠውን ጌጥ አፍ በሚነካው ሲኒ ላይ?

ባለመሮው፦ ደግሞ ጀመረ።

ገንዘብ ያዥ፦ ስድስት ስድስት ነው ወይስ አሥራ ሁለት? ነገ ዋጋ እጠይቃለሁ።