ቪኤምስታት -ዲ ላይ የሚወጣው ቁጥር ምንድን ነው? የዲስኩን የአሁን ፍጥነት እንዴት ልይ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኡቡንቱ ሰርቨር ነው፤ ዲስኩ በደቂቃ 7200 ዙር የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ። ከሰዓት በኋላ ዳታቤዙ ይንቀረፈፋል። ጥፋቱ የዲስኩ መሆኑን ለማጣራት ቪኤምስታት -ዲ 2 (የማሽኑን የሥራ ጫና የሚያሳይ ትእዛዝ፤ -ዲ ለዲስክ፣ 2 በየ2 ሰከንዱ) ብዬ አስኬድኩ። በንባብ በኩል ያለው የሴክተር ዓምድ 41,943,040 ይላል፣ በየ2 ሰከንዱ የሚመጣው መስመርም ከፊተኛው እምብዛም አይለይም። ምን እያየሁ ነው?

መልስ 1፦
ማሽኑ ከተነሣ ጀምሮ የተጠራቀመውን ድምር ነው የምታየው። -ዲ ሲጨመርበት ቪኤምስታት የከርነሉን (የሥርዓተ ክወናውን እምብርት) ቆጠራ እንዳለ ያወጣል እንጂ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን ልዩነት አያሰላልህም። በዚህ ቆጠራ አንድ ሴክተር ምንጊዜም 512 ባይት ነው፤ ስለዚህ ያንተ ቁጥር 20 ጊጋባይት ተነቧል ማለት ነው። ፍጥነት አይነግርህም።

መልስ 2፦
ለፍጥነት አዮስታት የሚባለውን የዲስክ መለኪያ ትእዛዝ ተጠቀም። ከሌለህ ሲስስታት የሚባለውን ፓኬጅ በአፕት (በኡቡንቱ የፕሮግራም መጫኛ) ጫን። ከዚያ አዮስታት -ዲ -ኤክስ -ዋይ -ዜድ 2 5 በል፤ በየ2 ሰከንዱ 5 ጊዜ ያሳይሃል። -ዋይን አትርሳ። እሱ ከሌለ የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ማሽኑ ከተነሣበት ጀምሮ ያለው አማካይ ነው፤ ብዙ ሰው እሱን አይቶ «ዲስኩ ደህና ነው» ብሎ ይሳሳታል።
የንባብና የጽሕፈት አዌይት (አንድ ጥያቄ ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደጠበቀ) እና የወረፋውን ርዝመት ተመልከት። ዩቲል (ዲስኩ ሥራ ላይ የነበረበት ጊዜ በመቶኛ) 100 መድረሱ ግን በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ዲስክ) ወይም በሬይድ (እንደ አንድ በተጣመሩ ዲስኮች) ላይ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ እነሱ ብዙ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ስለሚያስተናግዱ ገና አቅም ሊኖራቸው ይችላል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ሲንቀረፈፍ ያየሁት፦ በሰከንድ 10 ንባብ፣ 110 ጽሕፈት፣ ጽሕፈቱ 440 ኪሎባይት፣ የንባብ አዌይት 100፣ የጽሕፈት አዌይት 200፣ ወረፋ 23፣ ዩቲል 99።

መልስ 2፦
እንግዲህ ዲስኩ ነው። 440ን ለ110 ብታካፍለው እያንዳንዱ ጽሕፈት 4 ኪሎባይት ብቻ ነው። በመጠን ኢምንት ነው፤ ዲስኩን የሚገድለው ብዛቱ ነው። በ7200 ዙር አንድ ሙሉ ዙር 8.3 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፣ የጭንቅላቱ መንቀሳቀስ ሲጨመርበት በሰከንድ መቶ አካባቢ የተበታተነ ጥያቄ ላይ አቅሙ ያልቃል። የቀረው ወረፋ ይይዛል።

መልስ 3፦
ዲስክ ከመግዛትህ በፊት ሁለት ነገር አጣራ። ቪኤምስታት 2ን ያለ -ዲ አስኬድና ኤስአይ እና ኤስኦ የሚሉትን (ራም ሲሞላ በዲስክ ላይ ከሚያዘው ስዋፕ የሚመለሰውንና ወደ እሱ የሚወጣውን) እይ፤ ከዜሮ በላይ ሆነው ከቆዩ የጎደለህ ራም ነው፣ ዲስኩ ስዋፕ ተሸክሞ ነው የሚያቃስተው። ሁለተኛ፣ ስማርትሲቲኤል -ኤ (የዲስኩን ጤና የሚያሳይ ትእዛዝ) ብለህ ተራ ቁጥር 5ንና (ተበላሽተው የተተኩ ሴክተሮች) 197ን (መተካት የሚጠብቁ አጠራጣሪ ሴክተሮች) ተመልከት። 197 እየጨመረ ከሄደ ሌላውን ሁሉ ተውና መጠባበቂያ ቅጂ ያዝ።
ሁለቱም ንጹሕ ከሆኑ ፒድስታት -ዲ 2ን በሱዶ አስኬደው፤ የትኛው ፕሮሰስ እንደሚጽፍ በስም ያወጣልሃል።

ጠያቂ፦
ስዋፕ ዜሮ፣ 5ም 197ም ዜሮ። ከላይ የወጣው ዳታቤዛችን ማይኤስኪውኤል ነው። ከሰዓት በኋላ መረጃ በረድፍ በረድፍ የሚያስገባ ስክሪፕት አለን።

መልስ 3፦
ተገኘ። ማይኤስኪውኤል ካልነገርከው በቀር እያንዳንዱን ረድፍ ለብቻው ኮሚት ያደርጋል (አጽድቆ ይዘጋል)፤ ለእያንዳንዱም ዲስኩ «ጽፌአለሁ» እስኪል ይጠብቃል። ስክሪፕቱ ስታርት ትራንዛክሽን (ረድፎቹን በአንድ ጥቅል የሚይዝ ትእዛዝ) ብሎ እንዲጀምር፣ በየ500 ረድፉ ኮሚት አድርጎ እንደገና ስታርት ትራንዛክሽን እንዲል አድርጉት። የሎግ (ለውጦች የሚመዘገቡበት ፋይል) አጻጻፉን ማላላትም ይቻላል፣ ግን መብራት ድንገት ከጠፋ የመጨረሻው ሰከንድ ጽሕፈት ሊጠፋ ስለሚችል ለገንዘብ ነክ መረጃ አልመክርም። ከለወጣችሁት በኋላ ያንኑ አዮስታት በዚያው ሰዓት ድገመውና የጽሕፈት አዌይቱን ከ200 ጋር አወዳድር።